የፈንታነሽ ቤት

«መስመር» አለች ፈንታነሽ፣ ምርኩዟን ወደ ዓርብ ሳጥን ቀስራ።

ይርጋነሽ የሞጣዎችን ሁለት ቤት ዘልላ ስታርፍ ተረከዟ መስመሩን ጨረፍ አድርጎታል። ያየችው ፈንታነሽ ብቻ ናት። ይርጋነሽ የቢቸና ልጅ፣ ያውም የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ቢሆንም መስመር መስመር ነው። ይባስ ብሎ ይርጋነሽን እግሯን ወለም ብሏት እያነከሰች ወጣች።

የሞጣ ተማሪዎች ለዘውድ በዓል የኳስ ግጥሚያ በጭነት መኪና ተጭነው ቢቸና የመጡት በጠዋት ነበር። ወንዶቹ ሜዳው ላይ ሲራገጡ ሴቶቹ ከክፍሉ ጀርባ የራሳቸውን ግጥሚያ ከፈቱ፤ ሰኞ ማክሰኞ። ዳኛዋ እንደ ልማዷ ፈንታነሽ ሆነች። በሦስት ዓመቷ የያዛት ትኩሳት ግራ እግሯን አቅጥኖና አስንፎ ትቶት ነው የሄደው። እናም ሁለት ዓመት ሙሉ መሬቱን በምርኩዟ ጫፍ ታሰምራለች፣ ትዳኛለች፣ የተጫዋቾቹን ነጠላ ትይዛለች። አንድ ቀን እንኳ ግቢና ተጫወቺ ያላት የለም።

ሰባቱ ሳጥን በሰባቱ ቀን ስም ይጠራል። ከሰኞ እስከ እሁድ በአንድ እግር እየነጠሩ ሄዶ መመለስ ነው። ሌላው እግር መሬት ከነካ ወይም መስመር ከተረገጠ ተቃጠሉ። ሳትቃጠል የተመለሰች ጀርባዋን ሰጥታ በራሷ ላይ ገል ትወረውራለች፤ ገሉ ያረፈበት ሳጥን የወገኖቿ ቤት ይሆናል። በራስ ቤት ሁለት እግር ዘርግቶ ማረፍ ይቻላል፤ የሰው ቤት ግን ሳይረግጡ በዝላይ ነው የሚታለፈው። ቢቸናዎች ሰኞንና ማክሰኞን ይዘዋል፣ ሞጣዎች ረቡዕንና ሐሙስን። ሦስተኛ ቤት የሠራ አሸነፈ።

ተራው የባንቺዓለም ሆነ። ይህች የሞጣ ልጅ ቅልጥሟ ረጅም ነው፤ እሁድ ደርሳ ስትመለስ የቢቸናዎች ልብ ቀጥ አለ። በመጨረሻው ዝላይ ግን ተንገዳግዳ ሁለተኛ እግሯን አሳረፈች። ፈንታነሽ እሷንም አልማረቻትም።

አሁን ተራው የቢቸና ነው፤ የይርጋነሽ ቁርጭምጭሚት ግን አብጧል። ሁለት ቤት ባንድ ዝላይ የሚያልፍ ሌላ ሰው የላቸውም። እርስ በርስ ተያዩ። ከመሃላቸው በዛብሽ፣ «ዝም ብትል ኖሮ እኮ ይሄኔ አሸንፈን ነበር» አለች፣ ፈንታነሽ እንድትሰማ አድርጋ።

ፈንታነሽ ፊቷ ጋለ። እሷ የዳኘችው እውነት ነው፤ ቢሆንም ቢቸና በሷ አፍ ተሸነፈች ሊባል ነው። ነገ ደግሞ መስመር አስምሪልን የሚላትም አይኖርም።

«እኔ እገባለሁ» አለች።

ሳቁ ከሁለቱም ወገን መጣ። ይርጋነሽ ብቻ አልሳቀችም፤ እጇን ይዛ ትወድቂያለሽ፣ ይቅርብሽ ብላ ለመነቻት። ሞጣዎች ምርኩዝም እግር ነው፣ መሬት ከነካ ይቆጠራል አሉ። ፈንታነሽ ምርኩዙን ወስዳ ለባንቺዓለም ሰጠቻት።

«አንቺ ዳኚኝ።»

ከዚያ መቀነቷን ፈታች። የማይታዘዛትን እግር ወደ ኋላ አጠፈችና ከወገቧ ጋር ጥፍር አድርጋ አሰረችው። እቤታቸው ምርኩዟ የሚቆመው ደጃፍ ላይ ነው፤ ከመደብ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ደጅ፣ ውሃ የሞላ ቅል ይዛ ሳይቀር በአንድ እግሯ ስትነጥር ነው ያደገችው። ይህን ቢቸና ውስጥ ከናቷ በቀር ማንም አያውቅም።

ሰኞ። ማክሰኞ። እዚያ ላይ ቆመች። ሌሎቹ በአንድ እግር ሲቆሙ ይወዛወዛሉ፤ እሷ ዝንፍ አላለችም። ስምንት ዓመት ሙሉ የቆመችው በዚሁ እግር ነው። ጨዋታው በአንድ እግር፣ እሷም ባለ አንድ እግር፤ ሁለት ዓመት ዳር ተቀምጣ ስታይ ይህ እንዴት እንዳልታያት ገረማትና ሳቋ መጣ።

ዘለለች። ረቡዕና ሐሙስ ከሥሯ አለፉ፤ ዓርብ ላይ ዱብ አለች። ቅዳሜ፣ እሁድ፣ ዞረች። ይርጋነሽ የታመመ እግሯን ረስታ ትዘላለች። ፈንታነሽ አየር ላይ እያለች መመለሻው ዝላይ እንዳያልቅ ተመኘች። ማክሰኞ ላይ አረፈች። አቧራው ሲበተን ግን ተረከዟ ከመስመሩ ጫፍ ነው።

ሞጣዎች ነክታለች በይ እያሉ ባንቺዓለምን ጎተጎቷት። ባንቺዓለም ተንበረከከች፤ ጉንጯ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ አለች። ፈንታነሽ በአንድ እግሯ እንደ ቆመች ጠበቀች። ባንቺዓለም ትንሿን ጣቷን በተረከዙና በመስመሩ መካከል አስገባች። ጣቷ ገባ።

«አልነካችም» አለች።

ፈንታነሽ ሰኞን አልፋ ወጣች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ገሉን በራሷ ላይ ወረወረች። የት እንዳረፈ ከጩኸቱ አወቀች። ዓርብ መሃል ነው፤ ይርጋነሽ መስመር የረገጠችበት ሳጥን። ያቺው በዛብሽ ቀድማ መጥታ አቀፈቻት።

ሞጣዎች መሸነፋቸውን አምነው፣ መኪናው እስኪነሳ ግን ጨዋታው ይቀጥል አሉ። ፈንታነሽ መቀነቷን ፈትታ ዓርብ ውስጥ ተቀመጠች። ሁለቱንም እግሯን፣ ቀጭኑን ከወፍራሙ አጠገብ፣ ዘረጋቻቸው።

ባንቺዓለም ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ በአንድ እግሯ እየነጠረች መጥታ ሐሙስ ላይ ቆመች። የራሷ ቤት ነውና ሁለተኛ እግሯንም አሳረፈች። እንዳልረግጥሽ እግርሽን ሰብስቢ አለቻት።

ፈንታነሽ አልሰበሰበችም። ቀና ብላ አየቻት።

«ቤቴ ነው» አለች፤ «ዝለዪው።»