ጨው ያልገባበት መልስ

በልጄ በእሌኒ መልስ ላይ የሙሽራው እናት ወይዘሮ ዘርፌ የዶሮ አልጫውን ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ውይ! ጨው ረስታችኋል እኮ!»

ቀኝ እጄን ወፍጮ ከቆረጠው በኋላ እሌኒ ቤተ ሙከራ ገብታ ወጣትነቷን ከእንቁራሪት ጋር ፈጀችው። ሰፈሩ «እንቁራሪቷ መጣች» እያለ ሲስቅባት ኖረ። ይሳቅ! ከእንቁራሪት ባገኘችው መድኃኒት እጄ ከነጥፍሩ እንደገና በቀለ። ዛሬ በልጄ መድኃኒት እጅ እግሩ የበቀለለት ሰው አገሩን ሞልቶታል።

ታዲያ አዲሱ ቆዳ እንደ እንቁራሪት ቆዳ የነካውን ሁሉ ይጠጣል። ጨው ከነካሁ ልቤ ሲደልቅ ያድራል። በርበሬና ሳሙናማ አይታሰብም። ስለዚህ የምበላው በግራ እጄ፣ በማንኪያ ነው። በግራ እጅ ደግሞ ሰው አያጎርሱም። እጄ ከበቀለ ወዲህ ልጄን አንድ ቀን አጉርሼያት አላውቅም።

እሌኒ ከነካባዋ ብድግ አለች።

«አልረሳነውም፣ እማማ ዘርፌ። ሁሉም ወጥ ያለ ጨው እንዲሠራ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ዛሬ እናቴ በቀኝ እጇ ታጎርሰኛለች።»

ቆዳው እንዳይደርቅ የጠቀለልኩበትን እርጥብ ጨርቅ ፈታሁ። አልጫውን በእንጀራ ጠቀለልኩና፣ ሁሉም እያየኝ፣ ቀና ብዬ አጎረስኳት። ወይዘሮ ዘርፌ እልልታውን አቀለጡት።

እሌኒ እያኘከች እንባዋ በጉንጯ ወረደ። ልጠርግላት እጄን ስሰነዝር ክንዴን ለቀም አደረገችው።

«ተይ እማ» አለች እየሳቀች፣ «እሱ ጨው አለው።»