የሣልስት ቀን ጎማ

ሚኤሶ ላይ፣ ከዋናው መንገድ የከባድ መኪና ክላክስ ሲሰማ ጎሚስታው ከለቅሶው ድንኳን ብድግ አለ። ሚስቱ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ የጋቢውን ጫፍ ያዝ አድርገው፣ "ዛሬስ ይቅርብህ ልጄ" አሉት። ሰምቷቸዋል፤ እግሩ ግን ቀድሞ ወጥቷል። ጋቢው ሽማግሌው እጅ ላይ ቀረ። ስንት ዓመት ከምሳም ከእንቅልፍም ሲያስነሣው የኖረው ይኸው ድምፅ ነው፤ ፈቃድ የሚጠይቀው አለቃ ኖሮት አያውቅም።

መንገዱ ዳር የተተከለው አሮጌ ጎማ ላይ "ቀንና ሌሊት እንሠራለን" ይላል። በነጭ ቀለም የጻፈችው እሷ ነበረች። ሹፌሩ ጽሑፉን በአገጩ እያመለከተ፣ "ይቺን አይቼ ነው የቆምኩት" አለው። ጎሚስታው የመኪናውን የተነፈሰ ጎማ ፈታ፣ ከውስጡ ከመነዳሪውን አውጥቶ ነፋና በርሜሉ ውኃ ውስጥ እያዞረ ነከረው። አረፋ የወጣበትን ቦታ አገኘ፤ አደረቀና ለጠፈው። የገዛ እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ ቆሞ ታዘበው።

ሹፌሩ ወደ ድንኳኑ አየት አደረገ። "ሠርግ አላችሁ እንዴ?"

"የጎረቤት ነው።"

"ይባረክላቸው።"

"አሜን" አለና፣ የለጠፈውን ሊፈትሽ ከመነዳሪውን መልሶ ውኃው ውስጥ ከተተው። አንድም አረፋ አልወጣም።

"ይዟል እኮ" አለ ሹፌሩ።

ጎሚስታው ጎንበስ እንዳለ በሁለት እጁ ወደ ታች ተጫነው፤ አረፋ ይወጣ እንደሆን አየና እንደገና ተጫነው።