ጆሮ እስኪለምድ

ደሞዝ ማዳመጫውን ያገኘው አብሮት ከሚሠራ ጀርመናዊ መካኒክ ነው። ሰውየው ኮንትራቱ አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ለፋብሪካው ሠራተኞች አከፋፈለ፤ ለደሞዝ የደረሰው ይህ ነበር። ጥቁርና ከባድ ነው፤ ጆሮ የሚነካው ቦታ በለስላሳ ቆዳ ተለብጧል፤ የገመዱ ጫፍ የሕፃን ጣት ያክላል። እንዲህ ያለውን የሬዲዮ ጣቢያ ሰዎች ብቻ ናቸው የሚይዙት ተባለ። ጀርመናዊው ሲሰጠው፣ መጀመሪያ ድምፁ እንግዳ ይሆንብሃል፣ ጆሮህ እስኪለምድ ታገሥ፣ ብሎት ነበር።

ሚስቱ የሺመቤት ማዳመጫውን ስታይ ደስም አላላት፣ አልከፋትምም። አንድ ልጃቸው ክንዱ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ በዚያ ቤት ደስ የሚለውም የሚከፋውም ሰው አልነበረም። ደሞዝ ሥራ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ የቀረበለትን ሳይነካ ከገበታ ይነሣል።

የሻዕቢያ ሬዲዮ የማረካቸውን ወታደሮች ስም በየምሽቱ ይጠራል ይባል ነበር። ስሙ የተጠራ ልጅ በሕይወት አለ ማለት ነው። ሬዲዮውን ሲሰማ የተገኘ አባት ግን ወዴት እንደሚገባ አይታወቅም።

«በዚህ ከእኔ ጆሮ በቀር ማንም አይሰማው» አላት ደሞዝ።

ከዚያ ወዲያ የሐይቁ ጀልባዎች አመሻሽ ላይ ወደ ዳር ሲመለሱ፣ ደሞዝ ትንሿን ሬዲዮ ወደ ግድግዳው ያስጠጋል፣ ገመዱን ከኋላዋ ይሰድዳል፣ ማዳመጫውን አጥልቆ ዓይኑን ይጨፍናል። ባትሪዋ እንዳያልቅ በሌላ ሰዓት ማንም አይነካትም። የሺመቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ምስሩ ሰበብ ነው፤ የምትጠብቀው አለበል ድንገት እንዳይመጣ ነው። አለበል የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ሲሆን አጥራቸው የተያያዘ ነው።

ሲጨርስ ትጠይቀዋለች።

«ጠሩት?»

«ዛሬም አልጠሩትም።»

«በደንብ ሰምተኸዋል?»

«ድምፁን ገና አልለመድሁትም እንጂ የልጄ ስም አያመልጠኝም። ነገ ይጠሩት ይሆናል።»

«እሱ ያውቃል።»

ራት ታቀርባለች። ደሞዝ ይበላል።

ጎረቤታቸው ፀሐይወርቅ በጥር የወንድሟን መርዶ ተረድታ፣ ጠጉሯን ተላጭታ ጥቁር የለበሰች ሴት ናት። «አንቺስ ተስፋ አለሽ» ትላታለች የሺመቤትን። የሺመቤት ስለ ተስፋ አትናገርም። «እሱን ካደመጠ ወዲያ እህል ይቀምሳል፤ ለእኔ ይበቃኛል» ትላለች።

ከፋሲካ በኋላ የሺመቤት እኅቷን ለመጠየቅ በጀልባ ቁንዝላ ደርሳ መጣች። ስትመለስ ዓይኗ አብጦ ነበር። የሐይቁ ነፋስ ነው አለች። ራሷንም ብርድ መታኝ ብላ ሻሽ አሰረች፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት፣ ስትተኛም ጭምር። ደሞዝ አንድ ቀን ተሻለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ደህና ነኝ አለችው።

ግድግዳ ጆሮ አለው በሚባልበት ዘመን የራስን ጆሮ ሸፍኖ መቀመጥ ደግ አይደለም። አለበል አጥሩ ሥር መዘግየት ጀመረ።

«ጋሽ ደሞዝ፣ ምን ይሰማሉ?»

«ዘፈን።»

«ዘፈን እንዲህ ፊት ያጠቁራል እንዴ?»

አንድ እሑድ አመሻሽ ላይ መሣሪያ የያዙ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። የሺመቤት ከደጃፉ ስትነሣ ምስሩ ተደፋ።

«ማዳመጫውንም ሬዲዮውንም እንወስዳለን» አለ አለበል። «እርስዎም ይነሡ።»

የሺመቤት አልጮኸችም። ለባሏ ኮቱን አቀበለችው።

በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሊቀመንበሩ ሬዲዮዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና አለበልን «ሰካው፤ የሚሰማውን እንስማ» አለው። አለበል ገመዱን ይዞ ቀዳዳ ፈለገ። የሬዲዮዋ ቀዳዳ ከክብሪት እንጨት እምብዛም አትሰፋም። አገላብጦ ቢገፋው አልገባም። የባትሪውን ቤት ከፈተ። ባዶ ነው።

«ጓድ ደሞዝ፣ ታዲያ ምን ስትሰማ ነው የምታመሸው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

ደሞዝ መዋሸት ታክቶት ነበር። ድምፁ ከፍም ዝቅም አላለም።

«ልጄ ሞቷል። ጓደኛው ዳኘው ቆስሎ እዚህ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነገረኝ። በእጄ ቀበርሁት አለኝ። እናቱ ልቧ ደካማ ነው፤ መርዶውን የምትችለው አልመሰለኝም። ይኸ ዕቃ ሲደርሰኝ፣ ተማርኮ ይሆናል እያለች ትቆይ አልሁ። ዳኘውም ድኖ አገሩ ቁንዝላ ገብቷል። አደራ ብዬዋለሁ፣ ለሰው አይናገርም።»

ሊቀመንበሩ የባትሪውን ቤት ዘግቶ ማዳመጫውን አነሣ። ከዚያ ለአለበል ሰጠውና «አድርሰው» አለ።

አለበል ሬዲዮዋን ተሸክሞ እስከ ደጁ ሸኘው።

«እኔ አላወቅሁም ነበር፣ ጋሽ ደሞዝ። ለእትዬ የሺ ትንፍሽ አልልም።»

«ሆድ ይፍጀው» አለ ደሞዝ።

የሺመቤት የተደፋውን ምስር ከአፈር እየለየች ነበር።

«ምን አሉህ?»

«ዘፈን መሆኑን አይተው ለቀቁኝ።»

«ተመስገን።»

በማግስቱ ጀልባዎቹ ወደ ዳር ሲመለሱ ደሞዝ ገመዱን ከሬዲዮዋ ኋላ ሰደደ፣ ማዳመጫውን አጥልቆ ዓይኑን ጨፈነ። አጥሩ ሥር ማንም የለም። የሺመቤት ግን እንደ ወትሮዋ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው።

«ጠሩት?»

«ዛሬም አልጠሩትም።»

«ድምፁንስ ለመድኸው?»

«ለመድሁት።»

ራት አቀረበች። በልቶ እስኪጨርስ ከፊቱ አልተነሣችም። ከዚያ ሳህኑን ይዛ ጓዳ ገባች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።

ሻሿን ስትፈታ፣ ቁንዝላ የተላጨችው ጠጉሯ ገና ማቆጥቆጡ ነበር።