ግማሹ የአማት

በዚያ ዘመን መድኃኒት በታማሚ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ፈቃደኛ ሰው ግማሹን ሊሸከም ይችል ነበር። ማንአህሎሽ የእንቁላል እጢ ካንሰሯ ሲያገረሽባት ለአዲስ የሙከራ መድኃኒት ፈረመች። ግማሹን እሸከማለሁ ብለው ከተፍ ያሉት ግን ሰባት ዓመት ያኮረፏት አማቷ እትዬ የሺመቤት ነበሩ።

ሽሮ በቀረበ ቁጥር ሁለቱም እኩል ያቅለሸልሻቸውና ወደ መታጠቢያ ቤት ይሽቀዳደማሉ።

«ቅድሚያ ለታላቅ!» ይላሉ አማት።

«ለታማሚ ነው እንጂ እትዬ!»

በአራተኛው ወር ሐኪሟ የካንሰሩ እብጠት በግማሽ መቀነሱን ነገረቻቸው። ማንአህሎሽ አማቷን አየችና እንባዋ መጣ።

«ቅንድብ እንኳ አልቀረዎትም እኮ።»

«ቅንድብ ይበቅላል። አንቺ ከሌለሽ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ?» አሉና ለቀጣዩ ዙር ለመፈረም እስክሪብቶውን ቀድመዋት አነሱ።