አትዋጪው

የሳጂዳ መንጋጋ ጥርስ የተነቀለ ዕለት እጇን ይዛ የጥርስ ሐኪሙ ዘንድ ያደረሰቻት ጣውንቷ ካልቶማ ነበረች። ሳጂዳ ከጅማ ተድራ ኬንያ ሞያሌ ከገባች ገና ወራት ቢሆናት ነው፤ ስዋሂሊ የሚባል አታውቅም። ካልቶማ ግን የአገሩ ልጅ ናት፤ ገበያውንም ማጀቱንም የያዘችው እሷ ነች።

ሐኪሙና ካልቶማ በስዋሂሊ ብዙ አወሩ። በመሀሉ «ቹምቪ» የሚል ቃል ተደጋገመ። ካልቶማ ሳጂዳን አየት አድርጋ ሳቀች። ጥርስ ባዳ ነው። ደግሞ ጣውንት ስትስቅ የማይጠረጥር ማን አለ?

በማግስቱ ካልቶማ ለብ ያለ ውሃ በኩባያ ይዛ መጣች።

«ተጉመጥመጪበት፤ ድዱ ይገጥማል፣ አጥንቱም ይሽራል። ብቻ አትዋጪው።»

«ምንድን ነው አዴ ካልቶማ?»

«ሐኪሙ ያለው ነዋ፣ ቹምቪ።» የካልቶማ አማርኛ ግማሹ ስዋሂሊ ነው።

መድኃኒት ከሆነ ለምን አይዋጥም? የሳጂዳ ልብ ፈራ። ካልቶማ ዞር ስትልላት ውሃውን ጓሮ ወስዳ፣ ራሷ ከተከለቻት የፓፓያ ችግኝ ሥር ደፋችው። በበላች ቁጥር ኩባያው ይመጣል፤ በመጣ ቁጥር ፓፓያዋ ትጠጣለች።

ብዙም ሳይቆይ የፓፓያዋ ቅጠል ጫፍ ጫፉ አረረ፤ ረገፈ፤ ግንዷም ደረቀ። ይኼ ሁሉ እሷ አፍ ሊገባ ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

ባላቸው ሺፋ ለንግድ ናይሮቢ ነበር። በስልክ አልቅሳ ነገረችው።

«ልትገድለኝ ነው። ወይ እሷ ትውጣ ወይ እኔ።»

ሺፋ ደሙ ፈላ፤ ላጣራ አላለም። ለካልቶማ ወንድም ደውሎ «ሦስቴ ፈትቻታለሁ፤ ምክንያቱን ለመናገር አፍራለሁ» ብሎ ዘጋው። ከሦስት ፍቺ ወዲያ ደግሞ መታረቅ የለም።

ካልቶማን ምን እንዳጠፋች የነገራት አልነበረም። ወንድሟ ወዳለበት ወደ ጎልቦ በሚሄደው መኪና ላይ ስትወጣ እንባዋን ጠርጋ ወደ ሳጂዳ ዞር አለች።

«ጉንጭሽ አብጧል። ያን ውሃ እንዳታቋርጪ።»

አይ ድፍረት፣ አለች ሳጂዳ በሆዷ። ጉንጯ እውነትም አብጦ ይጠዘጥዛት ነበር።

ያን ቀን ወጡን ራሷ ጣደች። የጨው ጣሳውን ብትከፍተው ሙልጭ ብሏል። ሻሿን ጣል አድርጋ ጎረቤት ሱቅ ሄደች።

«ጋሼ ዓምበሮ፣ ጨው አለ?»

ባለሱቁ ወደ ጓዳ ዞሮ ሠራተኛውን ተጣራ፤ «ሌቴ ቹምቪ!»