መሃለኛው ስፒከር

ዓመቱ 2011 ነበር። ሐምሌ ከገባ ጀምሮ በአምቦ ዝናቡ አላባራም፤ ጠዋት ይዘንባል፣ ከሰዓት ይዘንባል፣ መሃል ላይ ጉም ነው።

ኦቦ ዋቆ ከደንዲ የመጡት ለአንድ ሳምንት ተብሎ ነበር። ሚስታቸው አስካለች በሚያዝያ ካረፈች በኋላ ልጃቸው ሃዋኒ ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ወዳለው ቤቷ አመጣቻቸው። ይኸው ሦስተኛ ወራቸው። ቤቱ ሞቃት ነው፤ ምግቡ በሰዓቱ ይቀርባል። የግቢው የብረት በር ግን ይቆለፋል፤ ቁልፉ ከሃዋኒ ጋር ቢሮ ይውላል።

«ጤፍ የሚዘራበት ወር ነው» ይሏታል።

«አባዬ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ሙሉ ጤነኛ መሆን አለበት። አንዲት ጉድለት ካየሁብዎት ከዚህ አይንቀሳቀሱም።»

ጤና ጣቢያ ወስዳ ግፊታቸውን አስለካች፣ ስኳራቸውን አስመረመረች፣ ዓይናቸውን አሳየች። ሁሉም ደህና ሆነ። እሷ ግን ልቧ አላረፈም። አባቷ ድሮ የምታውቃቸው ሰው አልሆኑላትም። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተመለሱ መሬቱን አርሶ ምርቱን እኩል ለሚካፈል ጎረቤት እንደምትሰጠው ነግራቸዋለች።

ኦቦ ዋቆ ድሮም ቃል አያበዙም። ሳሎኑ ጥግ ላይ፣ የሚገባውንም የሚወጣውንም ፊት ለፊት ከሚያዩበት ወንበር ተቀምጠው ይውላሉ። ከሁሉ የሚናፍቃቸው፣ አስካለች ልትናገራቸው ስትል ትከሻቸውን ነካ የምታደርገው ነገር ነበር።

የሃዋኒ ባል ለሊሳ ደግ ሰው ነው። አማቱ የሚውሉበት ነገር ካገኙ አገር ቤት አገር ቤት ማለታቸውን ይተዋሉ ብሎ ሆም ቴአትር የሚሉትን፣ ብዙ ስፒከር ያለውን የፊልም ማያ ዕቃ ገዛ። ሊገጥምላቸው የመጣው ቴክኒሻን ጂራ ወሬ ይወዳል። ከካርቶኑ አንድ ረዘም ያለ ስፒከር አውጥቶ ከኦቦ ዋቆ ፊት ቁጢጥ አለ።

«ይሄ መሃለኛው ነው፤ ሴንተር ይሉታል። ሙዚቃውም ተኩሱም በነዚያ በጎንና በኋላ ባሉት ይወጣል። የሰው ንግግር ግን በዚህ ነው። እሱ ከሌለ ፊልሙ ድዳ ነው፣ ኦቦ ዋቆ!»

መሃለኛውን ቡፌው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ወሸቀው። ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ ተከፈተ፤ የተዋናዮቹ አፍ ቱርክኛ፣ ድምፃቸው አማርኛ ነው።

«እንዴት ነው አባባ?» አለ ለሊሳ፣ ወደ እሳቸው ዞሮ።

ኦቦ ዋቆ ወንበራቸውን አስጠግተው የተዋናይቷን ፊት ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ንግግሩ አይያዝም።»

«ልክ ናቸው» አለ ጂራ። «ቡፌ ውስጥ ታፍኖ ጎተራ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ሰው መስሏል።»

አወጣውና ከቴሌቪዥኑ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ የሆነ ነገር ተናገረ። ኦቦ ዋቆ ቴሌቪዥኑን ማየታቸውን ቀጠሉ። ጂራ ከመሰላሉ ወርዶ ብሎኑን ራሱ አነሳ።

«አቀብሉኝ ስልዎት ዝም! ለከተማ ሰው አይታዘዙም ማለት ነው?»

«ሁለት እጅ አለህ» አሉት።

ከላይ ሆኖም አልያዝላቸው አለ። ጂራ አሁንም ልክ ናቸው አለ፤ ሰዎቹ እታች እያወሩ ድምፃቸው ከጣሪያ ይመጣል።

በሦስተኛው ቀን ከፍ ያለ ዋጋ ያለው፣ ወፍራም ስፒከር ይዞ መጣ። ቡፌው ላይ፣ ከጠርዙ ጫፍ አድርጎ፣ ሥሩ እንጨት ሸጉጦ ወደ ተቀማጩ ሰው ቀና አደረገው። ኦቦ ዋቆ ተነሥተው መዳፋቸውን ስፒከሩ ላይ፣ ቀጥሎም ቡፌው ላይ አኖሩ።

«ቡፌው ይንቀጠቀጣል።»

ጂራ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጠፈ። እውነት ነበር። ሥሩ ጎማ ደልድሎ ቀና አለና ራሱን ነቀነቀ።

«አቤት ጆሮ! ስምንት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ጆሮ አላየሁም። አሁንስ ጠራ?»

ድራማው ቀጠለ። ኦቦ ዋቆ ተዋናዮቹን አንድ በአንድ አዩ።

«አይያዝም።»

ለሊሳ ሪሞቱን ሶፋው ላይ ወረወረው። ሃዋኒ እጇ እንደረጠበ ከማድ ቤት መጥታ ከፊታቸው ቆመች።

«አባዬ፣ ሦስት ጊዜ ጠራሁዎት!»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ አይመልሱም?»

«መምጣትሽ አይቀርም ብዬ።»

ጂራ ሳቀ፤ የሃዋኒን ፊት ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠው።

«ቡፌ ሲንቀጠቀጥ የሰማ ሰው፣ ሰው ሲያወራ አይሰማም?» አለች፣ ከፊታቸው ሳትነቃነቅ። «የሚሰሙትን አልሰማሁም የሚሉት ሆን ብለው ነው! አሰልችተውን እንድንሸኝዎት!»

የኦቦ ዋቆ ዓይን አፏ ላይ ነበር። ይህ መንገድ በልባቸው አልነበረም፤ ልጃቸው ራሷ ከፈተችላቸው።

«ኤዬ» አሉ። «ሆን ብዬ ነው። ሁሉንም እሰማለሁ።»

ሃዋኒ የሶፋው ክንድ ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ አለቀሰች፤ ከዚያ ሳቅ አመለጣት።

«ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ መጫወቻ ያደረገን ሰው ምንም አልጎደለበትም። ይሂዱ፣ ይዝሩ።»

ኦቦ ዋቆ ከዚያች ሌሊት ወዲያ አምቦ ላለማደር ወሰኑ። በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ጊንጪ ወረዱ። ከዚያ ሁለት ሰዓት በጭቃ ተጉዘው ቀበሌያቸው ደረሱ፤ በሬዎቻቸውን ከጎረቤት ተቀብለው፣ ወደ ቤታቸው ነድተው፣ የአጥራቸውን መዝጊያ ከፈቱ።

ውሻቸው እየዘለለ መጣ፤ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ፤ እንደ ሚኒባሱ፣ እንደ በሬዎቹ፣ እንደ ሃዋኒም ሁሉ፣ ድምፁ ከጠፋባቸው ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።