ከሮም የመጣው ኮት

ሮም ውስጥ እንደ አባቴ ሙሉ ልብስ የሚሰፋ የለም። ሜትር የሚባል ነገር አይነካም፤ ሰውን በዓይኑ ለክቶ ነው የሚቆርጠው። እኔን በስድስት ዓመቴ ካየኝ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል፤ እንዲያም ሆኖ ባለፈው እሑድ እማዬ “አባትሽ በሰው ላከልሽ” ብላ የሰጠችኝ ኮት ልክክ አለብኝ።

ለብሼው ዩኒፎርሜን የሰፉልኝ ጋሽ ጥላዬ በር ላይ ሄጄ ተገተርኩ።

“ጋሽ ጥላዬ፣ ስፌት ይዩና ይማሩ!”

“ያምራል፤ በጤና ቅደጂው” አሉ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ።

“ቀኝ ትከሻዬ በውሃ ጀሪካን ብዛት ዝቅ ማለቱን እንኳ አውቆ፣ በዚያ በኩል ብቻ ስፖንጅ ከቶ እኩል አደረገልኝ። የዚህ ሰፈር ሰፊ ይሄ ይገባዋል?”

መኪናው ቆመ።

“ውሃ መቅዳት የጀመርሽው መቼ ነው?”

“አሥር ዓመት ሲሞላኝ። ምነው?”

ከጠረጴዛው ሥር ፌስታል ጎትተው ቁርጥራጭ ጨርቅ አወጡና እጅጌዬ ላይ አስጠጉት። ቀለሙም መስመሩም ከኮቴ ጋር አንድ ነው።

“አባቴ ለእርስዎም ላከልዎት እንዴ?” አልኩ።

“እረፊ አንቺ ልጅ! አባትሽ ሲሄድ ትከሻሽ እኩል ነበር።”